የአቶ እኔነኝ አራት ቀዮች

አባቷ ከጥበቃ ጓድ ሥራው በተባረረ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ምላሶ አልጋዋን እያነጠፈች ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። አልጋዋ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ከእንግዳ ወንበሩ የሚለየው አንድ አበባ የታተመበት መጋረጃ ብቻ ነው። መጋረጃው ስርር ብሎ ተከፈተ። አባቷ ካኪ ሱሪውን ተኩሶ፣ ጫማውን ፊት እስኪያሳይ ወልውሎ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አልጋ ነዋ።»

«ይሄ አልጋ አይደለም፤ በሬ ያደረበት ሣር ነው። ማዕዘኑ የታለ? አፍርሺና እንደገና።»

አፍርሳ እንደገና አነጠፈች። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው «አባዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ቤት ተመልምዬ አይደለም የመጣሁት፤ ተወልጄ ነው» አለችው።

«ለምላስሽ ሁለት ዙር» አለና ግቢውን በሩጫ አስዞራት። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አያት።

ምላሶ የቤት ስሟ ነው፤ ለምን እንደወጣላት መጠየቅ አያስፈልግም። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተኳርፋ እስካሁን አስታራቂ ሽማግሌ አልተገኘም፤ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ማሽኑ አርጅቷል፤ ወረቀት ከጎረሰ አልተፋም የሚል እልኸኛ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብትለምነው፣ ብትደባብሰው፣ ብትረግመው ወይ ፍንክች። ምላሶ ግን ግራ ጎኑን በመዳፏ አንዴ ጯ ስታደርገው የጎረሰውን ይመልሳል። እትዬ «ያንቺ እጅ ባይኖር ይሄን ቤት ዘግቼ ነበር» ካለቻት ወዲህ ምላሶ በዓለም ላይ አንድ የሚፈራት ነገር እንዳለ አውቃ ኩራት ቢጤ ተሰምቷታል።

ቤቱ ውስጥ ግን የሚፈራት የለም። አባቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በወር አንዴ ብቻ ለእረፍት የሚመጣ፣ ብስኩት ይዞ የሚገባ፣ ደግ ሰው ነበር። አሁን በየቀኑ አለ። ስኒዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ድመቷ «ቁም» ስትባል መቆም ጀምራለች። ሽንት ቤቱ በር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ የገባ ሰው ስሙን፣ የገባበትን ሰዓት፣ የወጣበትን ሰዓትና ምክንያቱን ይጽፋል። ምላሶ «ምክንያት» በሚለው ሥር የጻፈችውን እናቷ አንብባ ገጹን ቀደደችው።

አንድ ሥራ ብቻ አይነካም። የሳሎኑ አምፖል ከተቃጠለ ቀናት ሆኖታል። በፊት የምትቀይረው እናቷ ነበረች። አሁን እምቢ አለች። «ቤቴ ውስጥ አንድ ጦር ሙሉ ቁጭ ብሎ እኔ ወንበር ላይ አልንጠለጠልም።» አባቷ በበኩሉ «እሱ የኤሌክትሪክ ክፍል ግዳጅ ነው፤ በሰው ግዳጅ አልገባም» ይላል። ስለዚህ ራታቸውን ከኩሽናው በሚመጣ ብርሃን፣ እየዳበሱ ይበላሉ።

የተባረረበት ነገር እንዲህ ነው። የጥበቃ ጓዱ ጦር አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፤ ጠመንጃ ተሸክሞ ድልድይና መጋዘን የሚጠብቅ፣ ግን እንደ ጦር የሚሰለፍና እንደ ጦር የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ነው። አባል ሲያጠፋ ጥፋቱ በግል ፋይሉ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቀይ አራት ሲሞላ ሰውየው ይሰናበታል። የአባቷ ፋይል አራት ሞልቷል። አንደኛው ቀይ፣ የሻለቃውን ውሻ የአሥር አለቃ ማዕረግ አልብሶ ሁለት ምልምሎች ለውሻው ሰላምታ እንዲሰጡ አድርጓል። ሁለተኛው፣ የሻለቃውን ፊሽካ ሳሙና ሞልቶ፣ ሻለቃው ሰልፍ ላይ ሲነፋው አረፋ ወጥቷል። ሦስተኛው፣ ከካምፑ አጥር ዘሎ ሠርግ ሄዶ ሲጨፍር አድሯል። አራተኛው፣ ተረኛ በነበረበት ሰዓት የጥበቃ ማማው ባዶ ሆኖ ተገኝቷል።

እናቷ ደብዳቤውን ስታነብ ሦስተኛው ላይ ቆመች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ ስፒል እንደያዘች ነው የምታወራው።

«ይሄ ሰው? ሠርግ? የራሳችን ሠርግ ላይ እንኳ አልጨፈረም እኮ። ኬኩን ሲጠብቅ ነው ያመሸው።»

«ፈርሜበታለሁ» አለ አባቷ።

«ክሰሳቸው።»

«ጓዱን? ጓዱ አባቴ ነው።»

«አባትህ አባሮሃል። እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።»

አባቷ ግን ሌላ እቅድ ነበረው። ለወንድሙ ደውሏል። ወንድሙ ከከተማ ወጣ ብሎ ጡብ ያመርታል፤ «ኑ፣ ሦስታችሁም ኑ፣ ጭቃ የሚረግጥ አጥቻለሁ» ብሏል። ምላሶ ይህን ስትሰማ እግሯን አየች። ጭቃ ለመርገጥ የተፈጠረ እግር አይመስልም። ማሽኑንም አሰበችው፤ እሷ ከሄደች ማን በጥፊ ይለዋል? በዚያው ቀን አባቷን በአንድ ክንዱ እሷ፣ በሌላው እናቷ ይዘው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወዳለው ማመልከቻ ጸሐፊ ወሰዱት።

ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ጃንጥላ ይባላሉ። ሁለት አጥንቱ በተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ የ«ረ» ፊደሏ በወለቀ የጽሕፈት መኪና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው እሮሮ ጽፈዋል። የጎደለችውን ፊደል በእስክሪብቶ ይሞሏታል።

«ወንድሜ፣ እነዚህን ነገሮች አድርገሃል ወይስ አላደረግክም?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ፈርመሃል ወይ አላልኩህም።»

«የፈረመ ሰው አድርጓል ማለት ነው።»

ጋሽ ጃንጥላ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እናቷ ዞሩ። «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ከሳሽ ነው ተከሳሽ?»

«ባል ነው» አለች እናቷ።

በመጨረሻ «ዐሥራ ሁለት ዓመት በቅንነት ያገለገልኩ ስለሆነ ተገቢው ምሕረት ተደርጎልኝ» የምትል አንድ ገጽ ወጣች። አባቷ ሳያነብ ፈረመ። ምላሶ ይቺን ልብ አለቻት። አባቷ ወረቀት ከፊቱ ሲቀመጥ እጁ በራሱ ነው የሚሄደው፤ ዓይኑ ምንም አይጠየቅም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጓዱ ነገረ ፈጅ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደረሰ። ቢጫ ፋይል ባንኮኒው ላይ ዘፍ አደረገ።

«ሦስት ሦስት ኮፒ። ሙሉውን። አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱን ደግሞ እዚሁ አስቀምጪውና ከሳሹ ሲመጣ አስፈርመሽ ስጪልኝ።» የፍርድ ቤቱ ሰፈር ልማድ ነው፤ ተከራካሪዎች ፊት ለፊት ከሚተያዩ ወረቀታቸውን በኮፒ ቤት በኩል ቢለዋወጡ ይመርጣሉ።

ምላሶ ፋይሉን ገለጠች። የአባቷ ፎቶ፣ ጆሮው እንደ ጣሳ እጀታ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ገጽ አፈጠጠባት።

«ከሳሹን አውቀዋለሁ» አለች። «እሰጠዋለሁ። ይሄ ሁሉ ግን ለምንድን ነው? መዝገቡ አራት ገጽ አይበቃም?»

«ልጄ፣ ፋይል እንደ በግ ነው፤ ካልሰባ ዳኛ አያየውም። ሰውየው የገባበትን፣ የታሰረበትን፣ ያስነጠሰበትን ሁሉ አያይዤዋለሁ።»

ገጽ በገጽ ገባ። ማሽኑ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ጎረሰ፤ ጯ አለችው፤ መለሰ። ነገረ ፈጁ ሁለቱን ይዞ ሄደ። ምላሶ በምሳ ሰዓት የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣ የአባቷን ኮፒ ማንበብ ጀመረች። ሰባተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ቀስ ብሎ ያነባል፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ አይዘልም።

ሦስተኛው ቀይ እንዲህ ይላል፦ በወሩ በዘጠነኛው ቀን ማታ አጥር ዘሎ ወጥቶ፣ በዐሥረኛው ቀን ንጋት ተመለሰ። ሻለቃው ፈርሟል። ገጽ ሠላሳ አንድ የቅጣት ክፍሉ መዝገብ ነው። የታሰረ ሰው ስም፣ ጠዋት «አለ»፣ ማታ «አለ»፣ ጠባቂው ይፈርማል። አባቷ ስለ ፊሽካው አረፋ የታሰረው በዚያው ወር ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነው። ዘጠነኛው ቀን ማታ፦ አለ። ዐሥረኛው ቀን ጠዋት፦ አለ። ከግርጌው የዚያው ሻለቃ ፊርማ።

ሦስቴ አነበበችው። ጣቷን እየጎተተች አራተኛ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «እትዬ፣ አሞኛል» ብላ ወደ ቤት ሮጠች። አላመማትም።

አባቷ የበሩን እጀታ እየወለወለ ነበር።

«አባዬ፣ በዘጠነኛው ቀን ማታ የት ነበርክ? የሠርጉ ጊዜ።»

«ሠርግ» አለ፣ ዞር ሳይል።

«የማን ሠርግ?»

«የ… የሙሽሮቹ።»

«ታስረህ ነበር እኮ።»

ጨርቅ የያዘው እጁ ቆመ። አባቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከተባረረ ወዲህ ሳያዝዝ የተቀመጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ነገሩ ተተርትሮ ወጣ። ሻለቃው፣ ሻለቃ ፊሽካ የሚባለው፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጓዱን ያሰልፍና ፊሽካውን ነፍቶ «ማነው?» ይላል። የሆነ ነገር ሁልጊዜ ጠፍቷል ወይ ተሰብሯል ወይ ተበልቷል። ማንም ካልመለሰ ሁሉም በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ተሸክሞ ኮረብታውን ይዞራል። ስለዚህ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ማለት አለበት። ያ ሰው ሁልጊዜ አባቷ ነው። የጓዱ ልጆች ወጣት ናቸው፤ አንዱ ማዕረግ ይጠብቃል፣ አንዱ የጋብቻ ፈቃድ ይጠብቃል፤ እሱ ግን ምንም አይጠብቅም። ስሙ ራሱ ካምፑ ውስጥ ተረስቶ «አቶ እኔነኝ» ሆኖ ቀርቷል። ለቀይ ቀለም የሚበቁት ጥፋቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው እንጂ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋው ማንኪያ ሁሉ የእሱ ነው።

«እሺ፤ ሠርጉስ?»

«ሠርግ የሄደው ሌላ ልጅ ነው። ሰኞ ሻለቃው ማነው ሲል፣ ልጆቹ ከልማድ የተነሳ በአንድ አፍ ‘እኔነኝ ነው’ አሉ። ሻለቃው ጻፈ። እኔ እስር ቤት መሆኔን ማንም አላስታወሰም። እሱም ጭምር።»

«አንተስ?»

«እኔ አስታውሻለሁ። ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾልከው ሰጡኝ። ብዕሩንም። ፈረምኩ።»

«ለምን?»

«ታስሬያለሁ አይደል? አልጋው ተነጥፏል። ዐሥሩ ቀን ሃያ ሆነ፤ እንቅልፍ ጠገብኩ።»

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እንጂ ግንዱ ራሱ ምሳር ሲያቀብል ሰምቼ አላውቅም» አለች ምላሶ። «ግን አባዬ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት በነፃ? ልጆቹ ለአንተ ምን ያደርጉልሃል?»

አባቷ የተቃጠለውን አምፖል ቀና ብሎ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«ወታደር ምስጢር አለው። ይሄ ነገር ፍርድ ቤት አይነሳም። ከተነሳ ልጆቹ ይጠየቃሉ። ትእዛዝ ነው።»

ምላሶ ትእዛዙን ተቀበለች። በነጋታው ጠዋት ጋሽ ጃንጥላ ዘንድ ሄዳ ገጽ ሠላሳ አንድን ፊታቸው ዘረጋችው። ጋሽ ጃንጥላ አነበቡ፤ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት የሰው እንባ የጻፉት ሽማግሌ ጃንጥላው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«አስረውት ሲያበቁ ሠርግ ላኩት? ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ተከሳሽ ስመኝ ነበር። አባትሽ ግን ይፈርማል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

የመልስ መልሱን ሁለት ገጽ አድርገው ጻፉት። ምላሶ ወረቀቱን የሽንት ቤቱ ደብተር ውስጥ ከትታ አባቷ ፊት ቆማ ተረከዟን አጋጨች።

«የሳምንቱ የሽንት ቤት ሪፖርት። ለፊርማ።»

«ምክንያት የሚለው በሥነ ሥርዓት ተሞልቷል?»

«በጣም።»

ፈረመ።

ችሎቱ የነበረው ሐሙስ ጠዋት ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ አግዳሚዎቹ የሚነጫነጩ፤ ማራገቢያው ሁለት ዞሮ አንዴ የሚያርፍ። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ከፔርሙዝ ሙቅ ውኃ እየቀዱ፣ መሐረባቸውን እያጣጠፉ ፋይሉን ይገልጣሉ። ነገረ ፈጁ በግራ፣ ከጎኑ ሻለቃ ፊሽካ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ። አባቷ በቀኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናቷና ምላሶ ከኋላ።

ነገረ ፈጁ ተነሳና አራቱን ቀይ በዜማ አነበበ። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሱ፤ ከዚያ የመልስ መልሱን አነሱ።

«ከሳሽ፣ በዘጠነኛው ቀን ማታ በቅጣት ክፍል ውስጥ ታስሬ ስለነበርኩ አጥር ልዘል አልችልም ብለዋል።»

አባቷ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ምላሶ ጣሪያውን እየመረመረች ነበር።

«እንደዚያ ብያለሁ እንዴ፣ ክብርት ዳኛ?»

«ፈርመውበታል።»

«ከፈረምኩ ብያለሁ።»

ዳኛዋ ወደ ነገረ ፈጁ ዞሩ። «ገጽ ሠላሳ አንድ የራሳችሁ ማስረጃ ነው። ሰውየው ታስሮ እንዴት ሠርግ ሄደ?»

ነገረ ፈጁ ገጹን አየ። ያሰባው በግ ረገጠው። ላቡን ጠረገና፣ የሕግ ሰው አይደል፣ ወደ ፊት ወደቀ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ከሳሽ ከእስር ክፍል አምልጦ ሠርግ ሄዷል፣ ጨፍሯል፣ ንጋት ላይ ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው።»

«ከሳሽ፣ እንደዚያ ነው?»

ምላሶ የአባቷን ጀርባ አየች። «አይደለም» ካለ፣ ማን ሄደ ይባላል። ያ ሠርግ የሄደው ልጅ ይያዛል፤ አባቷ እንደነገራት አሁን ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። «ነው» ካለ ደግሞ ጡብ። እግሯ ከወዲሁ ጭቃ ጭቃ አላት።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «ማለቴ… ነው። አምልጬ ነው።»

እናቷ ስፒሎቹን ልትውጥ ደረሰች።

«በምን በኩል?»

«በሩ… በሩ ከውጭ ነው የሚቆለፈው።» አሰበ። «በመስኮት።»

ሻለቃ ፊሽካ እጁን አወጣ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ችግሩ የማያስታውስ መሆኑ ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ የእስር ክፍሉ መስኮት ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሰላል የለም። ግድግዳውን ቧጥጦ ካልወጣ።»

«ቧጥጬ ወጣሁ» አለ አባቷ። «ከዚያ ወደ ውጭ ዘለልኩ።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ምላሶ ናት። አፏን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ በአፍንጫዋ ወጣ። እናቷ ልትቆጣት ዞረችና ፊቷን ስታይ እሷም ተያዘች። አግዳሚው በሁለቱ ሳቅ ይነጫነጭ ጀመር።

«ችሎት ነው ይሄ» አሉ ዳኛዋ። «እመቤት፣ ምንድን ነው የሚያስቀው?»

እናቷ ተነሳች። ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ኮሌታዋ ላይ ሰካች፤ ለቁም ነገር ብቻ ነው እንዲህ የምታደርገው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ሚስቱ ነኝ። ይሄ ሰው ሦስት ሜትር ከወጣ እኔ ጄኔራል ነኝ። ቤታችን አምፖል ተቃጥሎ በጨለማ እየበላን ነው። ወንበር ላይ መውጣት ይፈራል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሄን ጉድ ደብቄለት ኖሬያለሁ፤ አልጋችንን እንኳ እግሩን ያስቆረጥኩት ለእሱ ብዬ ነው።»

የማራገቢያው የማረፊያ ተራ ደረሰ። የአባቷ ጆሮ ከኋላ ሲቀላ ታየ፤ አምስተኛ ቀይ።

ሻለቃው ቀስ ብሎ ተነሳ። «ማማው» አለ። «ማማው ዐሥራ አምስት ሜትር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራው ሲደርስ ማን ነበር የሚወጣው?»

አባቷ ወደ ምላሶ ዞሮ አየ። ምላሶ ያን ጊዜ ገባት። ልጆቹ ለእሱ ምን እንደሚያደርጉለት ገባት። እነሱ ይወጡለታል፤ እሱ ይወድቅላቸዋል። አራተኛው ቀይ፣ ማማው ባዶ የተገኘበት ቀን፣ የሚወጣለት ልጅ ሆዱን አሞት የቀረበት ቀን ነው። አባቷ መሰላሉ ሥር ሰላምታ እየሰጠ ቆሞ ነበር የተገኘው፤ ምናልባት ማማው እንዲራራለት።

«መሬት ላይ ማንንም አልፈራም፣ ክብርት ዳኛ» አለ አባቷ፣ ድምፁ ወርዶ። «ጎርፍ ድልድዩን ሲያናውጠው ብቻዬን ቆሜ አድሬያለሁ። መሰላል ግን… ሁለተኛው መወጣጫ ላይ ጉልበቴ የሌላ ሰው ይሆናል። አራተኛው ቀይ የራሴ ነው። የእሱን ቅጡኝ። የልጆቹን ስም ግን አልናገርም፤ ብታስሩኝ ደግሞ መታሰር እችልበታለሁ።»

ዳኛዋ መሐረባቸውን ፊታቸው ላይ ያዙ። ጉንፋን ይሁን ሌላ ነገር፣ ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ለሳምንት ቀጠሩ።

ያን ሳምንት አባቷ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። የሽንት ቤቱን ደብተር በራሱ እጅ አወረደው። ምላሶ አልጋዋን እንደ በሬ ሣር ትታ ስትወጣ እንኳ ዝም አለ፤ ይህ ከሩጫው ይልቅ ከበዳት። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳይጠይቃት አነጠፈችው፣ ማዕዘኑንም አወጣችለት። አላየም።

ውሳኔው አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ምላሶ ራሷ ነች ኮፒ ያደረገችው። የታሰረ ሰው የታሰረበትን አጥር ሊዘል አይችልምና ሦስተኛው ጥፋት ተሰርዟል። ውሻውን ማን እንደሾመና ሳሙናውን ማን እንደሞላ ፍርድ ቤቱ አይመረምርም፤ ፈርሞባቸዋልና ይቆያሉ። አራተኛው ጸንቷል። ሦስት ግን አራት አይደለም። ከሳሽ ወደ ሥራው ይመለስ።

ሻለቃ ፊሽካ ደረጃው ላይ ጠበቀው። ምላሶ ሌላ ቀይ ሊጽፍበት ነው ብላ ምላሷን አዘጋጀች።

«ሰኞ ጠዋት» አለ ሻለቃው። «ማማው ሥር። በቀን አንድ መወጣጫ። ስንት ዓመትም ቢፈጅ።»

አባቷ ሰላምታ ሰጠ። እናቷ ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ አምፖል ገዛች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በወሩ መጨረሻ አባቷ ለእረፍት መጣ። ብስኩት ይዞ ነበር።

«ስንተኛው ደረስክ?» አለችው ምላሶ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«አራተኛው።»

«ሃያ ቀን ሆኖሃል እኮ።»

«አራተኛው ላይ ጥሩ እይታ አለ። እዚያው እጠብቃለሁ። ልጆቹ ከሥር ብርድ ልብስ ወጥረው ይቆማሉ፤ ሁለት ቀን ወድቄያለሁ፤ ምንም አይልም።»

«ሻለቃው ምን ይላል?»

«ፊሽካ ይነፋል።»

«አረፋ አልወጣም?»

አባቷ ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ በቁመት አሰለፈ። «ባለፈው ሰኞ ትንሽ ወጣ።»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አምላኬ። ማነው ብሎ ጠየቀ?»

«ጠየቀ። ሁሉም ከልማድ ወደ እኔ ዞሩ።»

«አንተስ?»

«ማማው ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁም አልኩ።»

እናቷ ተነሳች፤ ወንበሩን ጎትታ ሳሎኑ መሐል አቆመች፤ አምፖሉን ከቦርሳዋ አወጣች። አባቷ ወንበሩን ዞሮ አየው፤ እግሩን ነቀነቀ፤ የወንበሩን እንጂ የራሱን አይደለም።

«ስንት መወጣጫ ነው?»

«አንድ» አለች እናቷ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። አሮጌውን እየፈታ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልይ ይሳደብ አይታወቅም። አዲሱን አጠበቀ። ምላሶ ማብሪያውን ጫነች። ሳሎኑ ከሳምንታት በኋላ ቦግ አለ፤ የሸረሪቱ ድር፣ አቧራው፣ የእናቷ የተሸሸገ ፈገግታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ታየ።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። ወንበር ላይ ነው። አልወደቀም። ደረቱ ቀስ በቀስ ተነፋ፤ ዙሪያውን ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ማማ ዘብ፣ ቃኘ። ከዚያ ዓይኑ ከመጋረጃው በላይ አልፎ ጥግ ላይ አረፈ።

«ምላሶ» አለ። «ያ አልጋ ምንድን ነው?»

ምላሶ ማብሪያውን መልሳ ጠቅ አደረገችው።